አንድ ምግብ፣ አንድ ጋሪ

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

ይህን ማስታወሻ መጻፍ የጀመርሁበት ምክንያት አንድ ነው፤ ሕግ ያወጣ ሰው ሕጉን ሲያወጣ ምን ያስብ እንደ ነበር በጽሑፍ ማኖር ይገባዋል ብዬ ስለማምን ነው። ኋላ የሚወቅሰኝ ቢነሣ፣ ለመርሕ እንጂ ለጥቅም እንዳልሠራሁ ማስረጃ ይሆነኛል። የሚወቅሰኝ ይነሣል ብዬ ግን አላስብም።

ሕጉ የገበያችን የምግብ ጋሪዎች ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ አራተኛው አንቀጽ ነው። «አንድ ምግብ፣ አንድ ጋሪ» ይላል። ያረቀቅሁት የማኅበሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ የጸደቀው ባለፈው ሳምንት በድምፅ ብልጫ ነው። ያስፈለገበትም ምክንያት ግልጽ ነበር። በበጋው ጋሪ ሁሉ እርስ በርሱ እየተያየ ያንኑ ታኮ፣ በቀይ መረቅ የተነከረ የቂጣና የሥጋ ጥቅል፣ ይሸጥ ጀመር፤ ፔሩአዊው ባለጋሪ እንኳ አልቀረም። ሰው ከፖርትላንድ ዳርቻ ድረስ መጥቶ፣ ገበያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞሮ፣ አንድ ነገር ብቻ በልቶ ይመለስ ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱ ጋሪ ሌላው የማይነካበት የራሱ ምግብ አለው። የዶን ኔፍታሊ ፑፑሳ፣ ማለትም በአይብ የተሞላ የበቆሎ ቂጣ ነው፤ የእማዬ ደግሞ ታማል፣ በደረቅ የበቆሎ ልባስ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል የበቆሎ ሊጥ።

እማዬ፣ ገበያው በአክብሮት ዶኛ ኦዲሊያ የሚላት፣ የቀኝ እጇ አንጓ ቀዶ ጥገና ስለ ተደረገለት በዚህ ክረምት ሊጥ እንዳትነካ ታዝዛለች። ስለዚህ ከቤተ መጻሕፍት ሥራዬ ስወጣ ታማሉን የምሠራው እኔ ነኝ፤ እርሷ ጋሪው ውስጥ ተቀምጣ ታየኛለች። ስለ ሊጡ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ አንብቤአለሁ። በጥንቃቄ ለሚያነብ ሰው አስቸጋሪ ሥራ አይደለም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ዝናብ። የጋሪው ጣራ ያፈሳል። ቸኩያለሁ። ዛሬ አንዳንድ ሰዎች ታማሉን ከግማሽ በላይ ትተው ሄዱ። ጠግበው መጥተው ይሆናል። እማዬ የተመለሱትን ሳህኖች አንድ በአንድ አየቻቸው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

ከፀደይ ጀምሮ አሬፓ፣ ማለትም የአገራቸውን የበቆሎ ቂጣ፣ የሚሸጡት ቬኔዙዌላዊቷ ዶኛ ያሃይራ ዛሬ በጋሪያቸው ላይ ማስታወቂያ ሰቀሉ፦ «ለገና የአያካ ትእዛዝ እንቀበላለን፤ ቶሎ ይዘዙ።» ስለ አያካ፣ ስለ አገራቸው የገና ምግብ፣ ከዚህ በፊት አንብቤአለሁ። ሄጄ ላነጋግራቸው ግዴታ ነበረብኝ።

«ዶኛ ያሃይራ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ማስታወቂያ ከአንቀጽ አራት ጋር ይጋጫል» አልኋቸው።

«የኔ ንግሥት፣ አያካ እኮ ነው። ታማል የት አየሽ?»

«የበቆሎ ሊጥ አለው?»

«ታዲያ ያለ ሊጥ ይሆናል?»

«በቅጠል ይጠቀለላል?»

«በሙዝ ቅጠል። እንደናንተ በደረቅ የበቆሎ ልባስ አይደለም።»

«ውስጡስ ሥጋ አለው?»

«ሥጋ አለው፣ ወይራ አለው፣ ዘቢብ አለው፣ የእናቴ ምርቃት አለው።»

«እንግዲያው ታማል ነው።»

ወደ ኋላቸው ዞረው ተጣሩ። «ዮርቢስ! ና ስማ! እናትህ ዕድሜዋን ሙሉ የገና ምግብ እየመሰላት የሰው ታማል ስትበላ ኖራለች!»

ዮርቢስ ልጃቸው ነው። የጋዝ ሲሊንደር በትከሻው ተሸክሞ ከጋሪው ጀርባ ብቅ አለ። ለማስታወሻው ምሉእነት ያህል፦ ረዥም ነው፤ በብርድም እጅጌውን ይሰበስባል፤ ሲስቅ መጀመሪያ ወደ መሬት ያያል። ይህ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም።

«ዶክተሯ» አለኝ፣ «ለጉባኤ ይቅረብና ይታይልን።»

ዶክተር አይደለሁም። ነግሬዋለሁ። አይታረምም።

ኀሙስ፣ ኖቬምበር 13

ከዶን ኔፍታሊ ጋሪ ፊት ከተሰለፉት ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ።

«የዛሬውን ታማል ቀመስህ?»

«ለምን እቀምሳለሁ? ወስጄ የጋራዤን በር ደገፍሁበት። ነፋሱም አልነቀነቀው።»

ስለ የትኛው ጋሪ እንደሚናገሩ አላጣራሁም። በገበያው ታማል የሚሸጥ ጋሪ አንድ ብቻ መሆኑን ግን ከማንም ይልቅ እኔ አውቃለሁ፤ በሕግ የደነገግሁት እኔ ነኝ።

ወደ ማታ እማዬ ከሊጡ ቆንጥራ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣለች። በደንብ የተመታ ሊጥ ይንሳፈፋል ይባላል። ሰጠመ።

«ውሃው ስለ ቀዘቀዘ ነው» አልኋት።

«እሺ ልጄ» አለች። እንዲህ ዓይነት «እሺ» ከእርሷ ሰምቼ የማውቀው አባቴ መንገድ አልጠፋብኝም ሲላት ነው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

ጉባኤው በጋራ ማእድ ቤታችን ተደረገ። ሊቀ መንበሩ ዶን ኔፍታሊ የድስት ክዳን በጭልፋ እየመቱ ጸጥታ አስከበሩ። እኔም ቆሜ ትርጓሜዬን አነበብሁ፦ «ታማል ማለት ከበቆሎ ሊጥ ተሠርቶ፣ ውስጡ ሌላ ምግብ ተጨምሮበት፣ በቅጠል ወይም በልባስ ተጠቅልሎ፣ በእንፋሎት ወይም በፈላ ውሃ የሚበስል ማናቸውም ምግብ ነው።» በዓረፍተ ነገሩ ረክቼ ነበር። አሁንም ከዓረፍተ ነገሩ ጋር ጠብ የለኝም።

ዶኛ ያሃይራ ተነሡ። በወፍራም ካፖርታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመውበታል።

«እኔም ይኸው ተጠቅልያለሁ» አሉ። «ውስጤም ባዶ አይደለም፤ ምሳዬን በልቻለሁ። እዚህ ድስት አጠገብ ጥቂት ብቆም ደግሞ በእንፋሎት እበስላለሁ። እንግዲህ እኔም ታማል ነኝ?»

«ከበቆሎ ሊጥ አልተሠሩም» ብዬ መለስሁ። መልሱ ትክክል ነበር።

«አንቺ ልጅ! ከተወለድሁ ጀምሮ አሬፓ ስበላ ኖሬ ታዲያ ከምን ተሠራሁ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጓቴማላዊቷ ዶኛ ኤልቪራ እንባቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። እኔ ግን ሳቁ እስኪያልፍ ድረስ ወረቀቴን ይዤ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ይህም ይበልጥ ሳያስቃቸው አልቀረም።

ከዚያ ዶኛ ያሃይራ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሳቁ ይብቃን። ዲሴምበር ለእኔ መኸሬ ነው። የአገሬ ሰው አሬፓውን እቤቱ ይጋግራል፤ አያካ ግን ብቻውን አይሠራም፣ ከእኔ ይገዛል። አያካ ካልሸጥሁ ይህን ክረምት አልሻገርም። ሂዩስተን ያለው ወንድሜ ኑ ብሎናል። ጋሪውን ሸጠን፣ እኔና ልጄ እንሄዳለን። ይኸው ነው።»

ደንቡን የመተርጎም ሥልጣን የጸሐፊዋ ነው። አንቀጽ ሰባት። እርሱንም ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።

«እንግዲህ ጸሐፊያችን ትናገር» አሉ ዶን ኔፍታሊ። ሁሉም አየኝ። እማዬም አየችኝ። ዮርቢስ ወደ መሬት አየ፤ ግን አልሳቀም።

«አያካ ታማል ነው» አልሁ።

ከእናቷ ጋሪ ጋር የሚወዳደርን ሰው በመከልከሏ ተጠቀመች የሚለኝ ቢኖር፣ ለሌላ ጋሪም ቢሆን እንዲሁ እፈርድ ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ያስቸገረኝ የቃላቱ አሰካክ እንጂ ሐሳቡ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ዮርቢስ ዛሬ «እንደምን ዋልሽ፣ ኔሬይዳ» አለኝ። በስሜ። «ዶክተሯ» አላለም። ለረዥም ጊዜ ስጠይቀው የነበረ እርማት ስለሆነ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 22

ድስቱ አልበስል አለ።

በማለዳ ጥጄዋለሁ። ውሃው ይፈላል፤ እንፋሎቱ የጋሪውን መስኮት አልብሶታል። ክዳኑን በከፈትሁ ቁጥር ግን ሊጡ ልባሱ ላይ እንደ ሙጫ ተጣብቆ ይጠብቀኛል። ቅዳሜ ነው፤ ሰው በዝናብ ተሰልፏል።

«ይህ ድስት አኩርፏል» አለች እማዬ። የተቆጣ ሰው ባለበት ታማል አይበስልም ብላ ታምናለች፤ እናቷም፣ የእናቷም እናት እንዲሁ። በግራ እጇና በጥርሷ የበቆሎ ልባስ እየቀደደች በድስቱ እጀታዎች ላይ እንደ ጉትቻ አሰረችላቸው። «ይኸው አስጊጬዋለሁ። አሁን የተቆጣው ሰው ይናገርና ይታረቅ።»

«እማዬ፣ የሚያበስለው ሙቀት ነው። ቁጣ ደግሞ ሙቀትን አይቀንስም።»

«ማነው የተቆጣው?»

«ማንም አልተቆጣም።»

«ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ያለነው ሁለት ነን።»

ዶን ኔፍታሊ ከአጠገባችን ጋሪ አንገታቸውን አውጥተው ጮኹ። «ዶኛ ኦዲሊያ! ያኮረፈ ድስት ሲጨፈርለት ነው የሚታረቅ! ጸሐፊዋ ትጨፍርለት፤ በደንቡ ካልተከለከለ!»

በደንቡ አልተከለከለም። አልጨፈርሁም። አንድ እግሬን ጥቂት ያንቀሳቀስሁት ስለ በረደኝ ነው።

ወደ ቀትር ሰልፉ ተበተነ። ያን ጊዜ እማዬ ምድጃውን በገዛ እጇ አጠፋችው።

«የተቆጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «ድስቱን ያስኮረፍሁት እኔ ነኝ። ለማን ብለሽ ነው ይህን ሕግ ያወጣሽው?»

«ለሁሉም...»

«ተይኝ! ወደዚህ ገበያ ስመጣ የኔፍታሊ ሚስት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ታማል ትሸጥ ነበር። ሂጂ አላለችኝም። የእኔ ጋሪ እስኪበጅ ድረስ ከምድጃዋ ግማሹን ለቀቀችልኝ። ሰው የእርሷንም ገዝቶ፣ የእኔንም ገዝቶ፣ የማን ይጣፍጣል እያለ ሲከራከር ይውላል። በማግስቱ ደግሞ ክርክሩን ሊጨርስ ይመጣል። እንዲህ ነው የኖርነው። የእኔ ታማል ሕግ አያስፈልገውም። ሕግ የሚያስፈልገው ያንቺ ነው።»

እኔ የድስቱን ጉትቻዎች ፈታሁ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 23

ጉዳዩን በሥርዓት ለማሰብ ከገበያ ቀርቼ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥሁ። ወረቀቱን ከመካከሉ በመስመር ከፈልሁ፤ በቀኝ ሕጉ እንዲጸና የሚያደርጉትን፣ በግራ እንዲሻር የሚያደርጉትን ልጽፍ። በቀኝ በኩል «ሕግ ስለሆነ» ብዬ ጻፍሁና ሌላ ጠበቅሁ። አልመጣም። ቀለሙን ቀየርሁ። አልመጣም።

የግራው ግን ይጻፍ ነበር። ዶኛ ያሃይራ ቢሄዱ ገበያው አንድ መልካም ጋሪ ያጣል። የአገራቸው ሰዎች እሑድ እሑድ የሚሰበሰቡበት ያጣሉ። እኔም እርሱን... እኔም እንደ ጸሐፊነቴ የማኅበሩን አንድ አባል አጣለሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሕጉን ያወጣሁት ጊዜ ስለ ታኮ ብቻ አላሰብሁም። የእማዬን አንጓ አስቤአለሁ። ዘንድሮ ታማሉን የምሠራው እኔ መሆኔንም አስቤአለሁ። ሌላ ሰው አጠገቤ ቆሞ ቢሸጥ ማን ከእኔ ይገዛል? ይህን አሁን ሳነበው ከመርሕ ይልቅ ፍርሃት ይመስላል። ነገ እንደገና አነበዋለሁ፤ ምናልባት ሌላ ይመስል ይሆናል።

ኀሙስ፣ ኖቬምበር 27

የምስጋና በዓል ነው፤ ገበያው ዝግ ነው። የረሳሁትን ድስት ልወስድ ብሄድ ዮርቢስን ብቻውን አገኘሁት። የእናቱን ጋሪ በስልኩ ፎቶ ያነሣ ነበር።

«ለገዢ ነው» አለኝ ሳልጠይቀው። «ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 9 የሚያየው ሰው ይመጣል።»

«ሂዩስተን የአገራችሁ ሰው ብዙ ነው ይባላል» አልሁ። ይህን ለምን እንዳልሁ አላውቅም። ስጨነቅ ሁልጊዜ ጂኦግራፊ ከአፌ ያመልጠኛል።

«ብዙ ነው። እናቴ እዚያ እጅ አታጣም።»

«እጅ?»

«አያካ እኮ በሁለት ሰው አይሠራም። አንዱ ቅጠል ያጥባል፣ አንዱ ሊጥ ይዳምጣል፣ አንዱ ይሞላል፣ አንዱ ያስራል። ሥራ የማይወድ አጎት ደግሞ ዘፈን ይመርጣል። እዚህ እኔና እሷ ብቻ ነን። ያን ማስታወቂያ ስትሰቅል የፈለገችው ገዢ ብቻ አልነበረም። የገበያው ሰው አይቶ 'እናግዝዎ' ይለኛል ብላ ነበር። መጀመሪያ የመጣሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔም መጥቼ ሊጥ አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁ።»

«ጠየቅሽ» አለ። «እሷማ ስትመጪ አይታ ደስ ብሏት ነበር።»

ድስቱን ሳልወስድ ወደ ቤት ተመለስሁ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 29

ቸኩያለሁ። የሚቀጥለው ጉባኤ ሰኞ ዲሴምበር 8 ነው። በአንቀጽ ዘጠኝ መሠረት ደንብ የማሻሻል ሐሳብ ከጉባኤው ሳምንት ቀደም ብሎ በጽሑፍ መቅረብ አለበት፤ አመልካቹም በጉዳዩ ጥቅም ካለው መግለጽ አለበት። እነሆ ከነገ ወዲያ የመጨረሻው ቀን ነው። አንቀጹን ማን እንደ ጻፈው ልደግም አልፈልግም።

ሌላ ሰው እንዲያመለክት ዶኛ ኤልቪራን ለመንሁ። «አንቺ ቋጥረሽ እኔ በጥርሴ ልፍታ?» አሉኝ። ዶን ኔፍታሊን ለመንሁ። ፑፑሳቸውን እየገለበጡ፣ «ያሰረ ይፍታ» አሉኝ፤ ቀና ብለውም አላዩኝ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 30

ብልኅ መፍትሔ አግኝቻለሁ ብዬ አሰብሁ። ሕጉ ሳይነካ ዶኛ ያሃይራ የሚሸጡበት ልዩ ፈቃድ አረቀቅሁ። ባዶ እጄን ላለመሄድም በራሴ እጅ ከሠራኋቸው ታማሎች ጥቂት ይዤ ሄድሁ።

ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት። «'የዶኛ ኦዲሊያ ጋሪ ፈቅዶላቸው፣ የቅጠል ታማል በሚል ስም...' ነው የሚለው? የእናቴን ምግብ በሰው ፈቃድ፣ በሰው ስም ልሸጥ?»

«ለዚህ ክረምት ብቻ ነው፣ ዶኛ ያሃይራ። የሕጉን ክብር ለመጠበቅ...»

«የኔ ንግሥት፣ ቁጭ በይ። ምሳ በልተሻል?»

አልበላሁም ነበር። ትኩስ አሬፓ ሰጡኝ፤ እርሳቸው ደግሞ የእኔን ታማል ፈትተው ጎረሱ። አኘኩ። አሁንም አኘኩ። ውሃ ጠጡ።

«ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

«አዬ! ይህ ምግብ አይደለም፤ ፍርድ ነው። ምን አጥፍቼ ነው?»

ከጀርባቸው ዮርቢስ ሳቀ። መጀመሪያ ወደ መሬት አየ፣ ከዚያ ሳቀ። ይህን የምጽፈው አሁንም ለምሉእነት ነው።

ዶኛ ያሃይራ ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። «ባንቺ አልተቆጣሁም። ልጅ ነሽ፤ ብዙ አንብበሻል፤ ይድናል። ግን በር የተዘጋብኝ ሰው ነኝና በመስኮት አልገባም። በሩ ይከፈት፣ አለዚያ እሄዳለሁ።»

ሰኞ፣ ዲሴምበር 1

ዛሬ ለማኅበሩ ያስገባሁትን እገለብጣለሁ፦

«እኔ ኔሬይዳ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ አንቀጽ አራት ሙሉ በሙሉ እንዲሰረዝ፣ የመተርጎም ሥልጣንም ከጸሐፊዋ ተወስዶ ለጉባኤው እንዲሰጥ አመለክታለሁ። ምክንያቱ ሕጉ ስሕተት መሆኑ ነው፤ ስሕተቱም የእኔ ነው። በጉዳዩ ሁለት ዓይነት ጥቅም እንዳለኝ እገልጻለሁ። አንደኛው የእናቴ ጋሪ ነው፤ አንቀጹ ሲሰረዝ ተወዳዳሪ ይመጣበታል፣ እናቴም ይምጣ ብላለች። ሁለተኛውን ጉባኤው ከጠየቀኝ እመልሳለሁ፤ ባይጠይቀኝ እመርጣለሁ።»

ዶን ኔፍታሊ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡት። «ሁለተኛው ጥቅም ሲሊንደር ይሸከማል?» አሉኝ።

«ለጉባኤው እንጂ አሁን አልመልስም።»

«ይሁን ልጄ። ገበያው ሁሉ የሚያውቀውን ጉባኤ ምን ብሎ ይጠይቅሻል?»

የጉባኤው ድምፅ ወዴት እንደሚያዘነብል ግን እርሳቸውም አያውቁም፤ ሕጉ የጠቀማቸው ጋሪዎችም አሉ። ከእርሳቸው ወጥቼ ለዶኛ ያሃይራ ይህን ጽፌ በእጃቸው ሰጠሁ፦

«ክብርት ዶኛ ያሃይራ፣ በሩ እንዲከፈት አመልክቻለሁ። እንደሚከፈት ግን ቃል ልሰጥዎ አልችልም። ጋሪዎን ሊያይ የሚመጣው ሰው ማክሰኞ ይመጣል፤ ጉባኤው ከዚያ በፊት ባለው ቀን ነው። ስለዚህ ጉባኤው ሳይፈርድ ለማንም እሺ እንዳይሉ እለምንዎታለሁ። ከተፈቀደ ደግሞ እማዬ በግራ እጇ ቅጠል ታጥባለች፤ ዶን ኔፍታሊ ዘፈን እመርጣለሁ ብለዋል። እኔ ሊጡን እንደማልነካ በጽሑፍ አረጋግጣለሁ። ማሰር እንዲያስተምሩኝና ከገበታዎ ዳር አንድ ቦታ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ። ሲባጎ ይዤ እመጣለሁ። መልስዎን እስከ ሰኞ፣ ዲሴምበር 8 ድረስ ያሳውቁኝ።»